አንድ ላይብረሪ ለሁለት ጎተራ፦ አፕሊኬሽንን ከግቢ ሰርቨርና ከክላውድ ማከማቻ ጋር ማገናኘት

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ባለ አንድ የምርመራ ምስል ማዕከል ውስጥ ብቸኛው ፕሮግራመር እኔ ነኝ። የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ ምስሎችን ግቢያችን ባለው ሰርቨር ላይ በራስ ሰርቨር ላይ በሚጫነው የማከማቻ ሶፍትዌር፣ በሚንአይኦ እናስቀምጣለን። ለመጠባበቂያ ደግሞ የአማዞን የክላውድ ማከማቻ በሆነው ኤስ3 ላይ ባኬት (የፋይል ማስቀመጫ ክፍል) ከፍተናል፤ ኬፕታውን። አፕሊኬሽኑ በፓይተን የተጻፈ ነው። ሁለቱንም የማገናኘው ቦቶ3 በሚባለው ላይብረሪ ነው። ‹አስቀምጥ› ሲባል መጀመሪያ ግቢው ላይ ይጽፋል፣ ቀጥሎ ኤስ3 ላይ። ኢንተርኔት ሲቆራረጥ የሐኪሞቹ ገጽ ስታክ ያደርጋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ የግቢው ሰርቨር ራሱ የፊርማ ስህተት ይሰጠኛል። በዚህ ላይ ቦቶ3ን ካሻሻልኩ ወዲህ አንዳንድ ፋይል ጭራሽ አልቀበል አለ። ላይብረሪው ሁለቱን ራሱ የሚያመሳስል መስሎኝ ነበር። ሌላ ላይብረሪ ልቀይር ወይ? እንደ ታናሽ ወንድምህ ቆጥረህ ሳታስዋብ ንገረኝ።»

ምላሽ፦

ላይብረሪውን አትቀይር። ብትቀይረው ሁለት ሳምንት ትደክምና ተመልሰህ እዚሁ ትገኛለህ። ጥያቄህ አንድ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሦስት የማይዛመዱ ችግሮች አሉ። ቦቶ3 የሚወቀሰው በአንዱ ብቻ ነው፤ እሱም በግማሹ።

መጀመሪያ «ራሱ ያመሳስላል» ያልከውን እናጥራ። አያመሳስልም። ቦቶ3 ተላላኪ ነው። ፋይሉን ይቀበልሃል፣ የኤችቲቲፒ ጥያቄ አድርጎ ይጠቀልለዋል፣ በሚስጥር ቁልፍህ ይፈርምበታል፣ ወደ ነገርከው አድራሻ ይልካል፣ ካልተሳካ ጥቂት ጊዜ ደግሞ ይሞክራል። ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል። አማዞን ኤስ3ን በ2006 እ.ኤ.አ. ከከፈተ ወዲህ የጥያቄው አጻጻፍ የብዙዎች ቋንቋ ሆኗል። ሚንአይኦም፣ ሴፍ የሚባለው ሌላ የማከማቻ ሶፍትዌርም፣ ሌሎችም ያንኑ ቋንቋ ይናገራሉ። ለዚህ ነው አድራሻውን ብቻ ለውጠህ በአንድ ላይብረሪ ሁለቱንም ማናገር የቻልከው። አንድ ቋንቋ መናገር ግን መተዋወቅ አይደለም። ግቢህ ያለው ሚንአይኦ ኬፕታውን ባኬት እንዳለህ አያውቅም። ኬፕታውን ያለውም ስለ ግቢህ የሰማው ነገር የለም። ሁለቱን የሚያውቃቸው አንተ የጻፍከው ኮድ ብቻ ነው።

ስለዚህ በኮድህ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ክላየንቶች (ከማከማቻው ጋር የሚነጋገሩ የቦቶ3 መገናኛዎች) ይኑሩህ። እያንዳንዱ የራሱ አድራሻ፣ የራሱ ቁልፍ፣ የራሱ የጊዜ ገደብ ይሰጠው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከ2023 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ቦቶ3 የማከማቻውን አድራሻ ከሲስተሙ የአካባቢ ተለዋዋጭ (ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል) ላይም ያነባል። የግቢውን አድራሻ እዚያ ካስቀመጥከውና ለክላውዱ ክላየንት አድራሻ ካልጻፍክለት፣ ሁለቱም ወደ ግቢው ይሄዳሉ። የባኬቱ ስምና ቁልፉ ሁለቱም ጋ አንድ ዓይነት ከሆነ ስህተት እንኳ አታይም። ሁለት ጎተራ የሞላህ መስሎህ አንዱን ጎተራ ሁለት ጊዜ ስትሞላ ትከርማለህ። አድራሻውን ለሁለቱም በግልጽ ጻፍ። የባኬቶቹን ስም ለያይ። ቁልፎቹን ደግሞ በሁለት ፕሮፋይል አስቀምጥ።

ወደ መጀመሪያው ችግር ልምጣ፤ ገጹ ስታክ የሚያደርገው ለምንድነው? የቦቶ3ን የጊዜ ገደብ ስላልነካኸው ነው። ሳትነካው ስትተወው ግንኙነት ለመክፈት እስከ 60 ሰከንድ ይጠብቃል። መልስ ለመስማትም እንዲሁ 60 ሰከንድ። ካልተሳካ በነባሩ አሠራር የመጀመሪያውን ጨምሮ እስከ 5 ጊዜ ይሞክራል። አስላው። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ከጠፋና ምላሽ የሚሰጥ ነገር ከሌለ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻዋን አምስት ደቂቃ ልትቆይ ትችላለች። ሐኪሙ የሚያየው የሚሽከረከር ክብ ነው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ገጹን ዘግቶ እንደገና «አስቀምጥ» ይላል። አሁን ሁለት ጥያቄ ተሰለፈ። አሥር ሐኪም ካለህ የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የጊዜ ገደቡን ወደ አምስት ሰከንድ ዝቅ ያደርግና «ተፈታ» ይላል። አልተፈታም። ውድቀቱ ፈጠነ እንጂ አልቀረም። ምስሉ ግቢው ላይ ተጽፏል፣ ክላውዱ ላይ የለም፣ ይህንን የሚያስታውስ ደግሞ የለም።

ይህን የምልህ በራሴ ስለደረሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት ልክ እንዳንተ አድርጌ ሠራሁ። ግቢው ላይ ይጽፋል፣ ክላውዱ ላይ ይጽፋል፣ ሁለተኛው እምቢ ካለ ሎግ ላይ አንድ መስመር ጥሎ ያልፋል። ሎጉን ማን ያየዋል? ማንም። የግቢው ዲስክ በሞተ ጊዜ ከክላውዱ ልንመልስ ተቀመጥን። የበጋው ፋይል ሙሉ ነው። ክረምት ላይ ስንደርስ፣ ኔትወርክ የተቆራረጠባቸው ቀናት ሁሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆነው ቀርተዋል። ከሎጉ ውስጥ እየለቀምን የጠፋውን ስንቆጥር አደርን። ደንበኛው ምንም አላለኝም። ዝምታው ነው የከበደኝ።

መፍትሔው አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል። የሐኪሙን ጥያቄ ከኢንተርኔት ጋር አታገናኘው። «አስቀምጥ» ሲባል ግቢው ላይ ብቻ ጻፍ። የተጻፈውን ፋይል ስም፣ መጠን፣ ከይዘቱ የሚሰላ የሻ256 አሻራና «አልተላከም» የሚል ምልክት ዳታቤዝህ ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ ላይ መዝግብ። ከዚያ ለሐኪሙ «ተቀምጧል» በለው። ሌላ፣ ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮግራም ጀርባ ላይ ይሥራ። በየደቂቃው ሠንጠረዡን ያያል፣ ያልተላከውን ወደ ኤስ3 ይልካል፣ ደርሶ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ከደረሰ «ተልኳል» ይላል። ካልደረሰ ቀጣዩን የሙከራ ሰዓት ራቅ እያደረገ ይመዘግባል። ኢንተርኔት ሁለት ቀን ቢጠፋ ሠንጠረዡ ይረዝማል እንጂ የሚጠፋ ነገር የለም። ስንት እንደቀረህም በአንድ ጥያቄ ታውቀዋለህ። ይህ ቁጥር ስልክህ ላይ በየጠዋቱ ይምጣልህ።

ሁለት ነገር ጠብቅ። አንደኛ፣ የፋይሉ ስም ሁለቱም ጋ አንድ ይሁን፤ አንዴ የተጻፈውን ስም ዳግም በሌላ ይዘት አትጻፍበት። እንደዚያ ከሆነ አንዱን ፋይል ሦስት ጊዜ ብትልከውም ጉዳት የለውም። ሁለተኛ፣ መድረሱን ለማረጋገጥ ማከማቻው ለፋይሉ በሚሰጠው ኢታግ በሚባል መለያ አትተማመን። ትንንሽ ፋይል ላይ ብዙ ጊዜ ኤምዲ5 የሚባል የይዘቱ አሻራ ነው። በቁርጥራጭ የተላከ ትልቅ ፋይል ላይ ግን የቁርጥራጮቹ አሻራዎች አሻራ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሰረዝና ቁጥር የምታየው ለዚህ ነው። የራስህን ሻ256 ከፋይሉ ጋር በሜታዳታ ላከው። ከላክህ በኋላ መጠኑን ከሠንጠረዥህ ጋር አመሳክር። በየሳምንቱ ደግሞ ጥቂት ፋይሎችን ሙሉ በሙሉ አውርደህ አሻራቸውን አስላ። ሜታዳታው ራሱ የይዘቱ ማረጋገጫ አይደለም፤ የምታነጻጽርበት ነው።

አሁን ስለ መስመሩ ውፍረት። ቦቶ3 ከ8 ሜጋባይት ያለፈውን ፋይል 8 ሜጋባይት ላይ ይቆርጥና አሥር ቁራጭ በአንድ ጊዜ ይልካል። ይህ ሰፊ መስመር ላለው ሰው የታሰበ ነው። በቀጭን መስመር ላይ አሥሩም እየተጋፉ አሥሩም ጊዜ ያልቅባቸዋል። በአንድ በር አሥር ሰው ሲጋፋ አይተህ የለ? ወደ ሁለት ወይም ሦስት አውርደው። በቀን የሥራ ሰዓት ፍጥነቱን የሚገድብ ማስተካከያም አለው፤ ተጠቀምበት። ቁራጩን ግን ከ5 ሜጋባይት በታች አታድርግ፤ ከመጨረሻው ቁራጭ በቀር ኤስ3 አይቀበልም። የቁራጮቹም ብዛት ከ10,000 አይበልጥም። ሒሳቡን ደግሞ አስቀድመህ ሥራው። አንድ ምርመራ 500 ሜጋባይት ቢሆንና የመላኪያ ፍጥነትህ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ቢሆን፣ አንዱ ብቻ ሰባት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በቀን አርባ ካለህ አራት ሰዓት ተኩል። ሌሊቱ ይበቃሃል። ሁለት መቶ ከሆነ ግን የቱም ኮድ አያድንህም፤ ወይ መስመር ጨምር፣ ወይ የሚላከውን ምረጥ።

መብራት መሐል ላይ ቢጠፋስ? የላይብረሪው የመጫኛ ትእዛዝ ካቆመበት አይቀጥልም። ፕሮግራሙ ሲነሳ ያንን ፋይል ከዜሮ ይጀምራል። የተላኩት ቁራጮች ደግሞ ኤስ3 ላይ ይቀራሉ። ፋይል ስትዘረዝር አይታዩህም፤ ሒሳብ ላይ ግን ይቆጠራሉ። ባኬቱ ላይ «ያላለቀ ጭነት በሰባት ቀን ይሰረዝ» የሚል ደንብ አድርግ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ሳያደርግ የማያውቀውን ቦታ ሲከራይ የኖረ ሰው ብዙ ነው።

ሁለተኛው ችግርህ የፊርማ ስህተት ያልከው ነው። ሎጉን አስተካክለህ አንብብ። ሁለት የተለያዩ መልእክቶች አሉ። አንዱ «ፊርማው አይገጥምም» የሚል ነው። ሌላው «የጥያቄው ሰዓትና የሰርቨሩ ሰዓት በጣም ተራራቁ» የሚል ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ሁለተኛው ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ፊርማው ውስጥ ሰዓት አለ። የላኪውና የተቀባዩ ሰዓት ከ15 ደቂቃ በላይ ከተለያየ ጥያቄው ይመለሳል።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ስህተት ላይ ግማሽ ቀን ቁልፍ ስንቀያይር ቆይተን ነበር። በመጨረሻ የሰርቨሩን ቀን ሳይ ያለፈው ዘመን ላይ ነው ያለው። ማዘርቦርዱን ስንከፍተው ሳንቲም የምታክለው ክብ ባትሪ ሞታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ድሮ ይመለሳል። ኢንተርኔት ደግሞ ገና ስላልመጣ ሰዓቱን ከውጭ ማስተካከል አልቻለም። ባትሪዋን ቀየርን፤ አለቀ። የባሰም አይቻለሁ። ቴክኒሻኑ የግድግዳውን ሰዓት አይቶ ሰርቨሩን 3:00 ላይ ሞላው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነዋ! ለእኛ ልክ ነው። ለፊርማው ግን ስድስት ሰዓት ተዛብቷል።

ስለዚህ ባትሪውን ቀይር። የሰዓት ማስተካከያው ሁለቱም ማሽኖች ላይ ይሥራ፤ ክሮኒ ይበቃል። ኢንተርኔት በሌለበትም እንዲስማሙ አንዱን ማሽን ለሌላው የሰዓት ምንጭ አድርገው። የሚንአይኦው አገልግሎትም ሰዓቱ ሳይስተካከል አይነሳ።

መልእክቱ «ፊርማው አይገጥምም» የሚለው ከሆነ ግን መንስኤው ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ከሚንአይኦ ፊት ቆሞ ጥያቄ የሚያሳልፈው ኤንጂንኤክስ የአድራሻውን ስም ስለሚቀይረው ነው። የተፈረመው በአንድ ስም ነው፣ የደረሰው በሌላ ስም። ስሙን እንዳለ እንዲያሳልፍ አድርገው። በጊዜ የተገደበ የማውረጃ ሊንክ ስትሰጥም ያው ነው። በግቢው የውስጥ ስም የተፈረመ ሊንክ ከውጭ ለሚከፍተው ሐኪም አይሠራም፤ ስሙን በእጅ ብትቀይረው ደግሞ ፊርማው ይፈርሳል። ሊንኩን ሰውየው በሚከፍትበት ስም ፈርም። ከሰባት ቀን የበለጠ ዕድሜም አይኖረውም።

ሦስተኛው፣ ካሻሻልክ በኋላ ፋይል አልቀበል ያለህ ጉዳይ። ቦቶ3ን በግማሽ የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው 1.36 ቅጂ ለሚጫን ነገር ሁሉ ሳትጠይቀው የማረጋገጫ አሻራ ማያያዝ ጀመረ። ለአማዞን ኤስ3 መልካም ነው። ያንን ቋንቋ ይናገራሉ የተባሉ ሌሎች ማከማቻዎች ግን፣ በተለይ አሮጌ ቅጂ ሲሆኑ፣ የማያውቁት ነገር መጣባቸውና እምቢ አሉ። «ኤስ3ን ይመስላል» ማለት «ኤስ3 ነው» ማለት እንዳልሆነ ብዙ ሰው የተማረው ያን ሰሞን ነው። ላይብረሪውን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። እኔ ግን አልመክርህም፤ ለዘላለም እዚያ ትቀራለህ። በግቢው ክላየንት ላይ ብቻ የአሻራውን ስሌትና ፍተሻ «ሲያስፈልግ ብቻ» የሚለው ላይ አድርገው። የክላውዱን ክላየንት አትንካው። ጊዜ ስታገኝ ሚንአይኦውን አሻሽልና እንደገና ሞክር። ከዚያ ወዲያ የቦቶ3ን ቅጂ ቁጥሩን ጽፈህ አስረው፤ የሙከራ ማሽን ላይ ሳታየው አታሻሽል።

ስለ ሚንአይኦ ካነሳን አይቀር፣ በ2025 እ.ኤ.አ. የነጻው እትም የድረ ገጽ መቆጣጠሪያ አብዛኛውን የአስተዳደር ክፍል አጥቷል። ዛሬ ተነስተህ አታፍርሰው። ግን ኮድህ ውስጥ የሚንአይኦን ብቻ ልዩ ትእዛዝ አታስገባ። በተራ የኤስ3 ትእዛዞች ከቆየህ ነገ ወደ ሴፍ ብትዞር የምትቀይረው አድራሻና ቁልፍ ይሆናል።

ማንበቡ ላይ ደግሞ ግቢውን አስቀድም፤ ከሌለ ወደ ክላውዱ ሂድ። ግን «ፋይሉ የለም» እና «ሰርቨሩ አልመለሰም» የሚሉትን አትቀላቅል። የመጀመሪያው ሲሆን ክላውዱን ጠይቅ። ሁለተኛው ሲሆን ለራስህ ማንቂያ ይድረስህ። ኤስ3 ላይ ደግሞ አንድ ግር የሚል ጠባይ አለ። ቁልፍህ ባኬቱን የመዘርዘር ፈቃድ ከሌለው፣ የሌለ ፋይል ስትጠይቅ 404 (የለም) ሳይሆን 403 (ተከልክሏል) ይመልስልሃል። ፈቃድ የተከለከልክ መስሎህ ስትዳክር እንዳትውል።

ኮድ ሳትጽፍ የምትሄድባቸው መንገዶችም አሉ። አማዞን ስቶሬጅ ጌትዌይ የሚባል አለው። ግቢህ ይቀመጣል፣ ለአፕሊኬሽንህ እንደ ተራ የኔትወርክ ፎልደር ይታያል፣ ጀርባውን ወደ ኤስ3 ይልካል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሚንአይኦ ላለው ሰው ሁለት ቤት መሥራት ነው። የሚንአይኦ የራሱ የባኬት ማባዣ ደግሞ ከሚንአይኦ ወደ ሚንአይኦ ብቻ ነው፤ ወደ ኤስ3 አያሻግርህም። አርክሎን ግን በቁም ነገር ሊታሰብ ይገባል። በየሌሊቱ አዲሱን ወደ ኤስ3 የሚገለብጥ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። የአንድ ቀን ምስል ቢጠፋ ማዕከልህ ይችለዋል? ከቻለ ሠንጠረዡን እስክትጨርስ ድረስ ዛሬ ማታ በእሱ ጀምር። «ሲንክ» የሚለውን ሳይሆን «ኮፒ» የሚለውን ተጠቀም። ሲንክ ግቢው ላይ የተሰረዘውን ክላውዱም ላይ ይሰርዘዋል።

ከዚሁ ጋር፣ ላኪው ፕሮግራም የያዘው የኤስ3 ቁልፍ የመሰረዝ ፈቃድ አይኑረው። ባኬቱ ላይ የድሮ ቅጂዎችን የሚያቆየውን ቨርዥኒንግ አብራ። ግቢህን የመታ ቫይረስ በዚያው ቁልፍ ክላውዱንም ካጠፋልህ ያ መጠባበቂያ አልነበረም።

አንድ ገደብ በላይብረሪም በኮድም አይፈታም። የምትልከው የሰው የሕክምና ምስል ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ከአገር ሲወጣ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። ኬፕታውን ከአገር ውጭ ነው። ይህን አንተ ብቻህን አትወስን፤ ማዕከሉ የሕግ ባለሙያ ይጠይቅ፣ መልሱን በጽሑፍ ይስጥህ። ቢፈቀድም እንኳ ፋይሉን ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ኢንክሪፕት አድርገህ ቆልፈው። የመቆለፊያው ቁልፍ ግን እዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ ከተቀመጠ፣ ሰርቨሩ ሲሞት ክላውዱ ላይ ያለው ሁሉ የማይነበብ ክምር ነው። ቁልፉን አትመህ ማዕከሉ ካዝና ውስጥ አስቀምጥ።

ቅደም ተከተሉን ልቁረጥልህ። ዛሬ ባትሪውንና ሰዓቱን አስተካክል፣ የግቢውን ክላየንት አሻራ «ሲያስፈልግ ብቻ» አድርግ፣ አርክሎንን ማታ አስነሳ። ነገ የኤስ3 መጻፊያውን ከሐኪሞቹ ገጽ ላይ አውጣ። በዚህ ሳምንት ሠንጠረዡንና ላኪውን ጻፍ፤ ከሁለት መቶ መስመር አይበልጥም። ለግቢው ክላየንት ግንኙነት የመክፈቻ ጊዜውን ሁለት ሰከንድ፣ ለላኪው አሥር ሰከንድ አድርግ። ሁለቱም ላይ የመድገሚያ ስልቱን «ስታንዳርድ» የሚለው ላይ አድርገው።

ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ታካሚ ሲቀንስ፣ የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀል። አንድ ሐኪም አጠገብህ ይቀመጥና ሦስት ምርመራ ያስቀምጥ። ገጹ ካልዘገየ ገመዱን መልስና ሠንጠረዡ ሲቀንስ ተመልከት። ሦስቱም «ተልኳል» ሲሉ አንዱን ምስል ከኬፕታውን በሌላ ላፕቶፕ አውርደህ ለሐኪሙ ክፈትለት።